ያለ ርክክብ የተወረሰ ፕሮክሲ ሰርቨር፦ ከማሳደግህ በፊት ፈልገህ አግኘው

ጥያቄው፦ «አዳማ ውስጥ ባለ አንድ የግል ኮሌጅ በአይቲ ባለሙያነት ከተቀጠርኩ ገና ሁለተኛ ወሬ ነው። ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ ሳያስረክብ ነው የወጣው። ወደ 60 የሚጠጉ ኮምፒውተሮች አሉን። ሁሉም ላይ ፕሮክሲ 192.168.1.10፣ ፖርት 3128 የሚል ተሞልቷል። ሰርቨሩ የትኛው እንደሆነ ግን አላውቅም። ሰርቨር ሩም የምንለው ክፍል ውስጥ አራት ማሽኖች አሉ፤ አንዱም ላይ ስም አልተለጠፈም። ከሰዓት በኋላ ኢንተርኔቱ በጣም ይጎተታል። ዲኑ ፕሮክሲውን አፕግሬድ አድርገው ብለውኛል። አዲስ ሰርቨር ይገዛ ልበል? ወይስ ከኢንተርኔት ያወረድኩትን ነፃ የፕሮክሲ ሶፍትዌር ልጫን? የድሮው ሴቲንግ ይጠፋ ይሆን? ጀማሪ ስለሆንኩ ከሥሩ ቢያስረዱኝ።»

ምላሽ፦ ዲኑ የሚፈልጉት ኢንተርኔቱ እንዲፈጥን ነው። ፕሮክሲን ማሳደግና ኢንተርኔትን ማፍጠን ግን ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። አንዳንዴ ይገናኛሉ፤ ብዙ ጊዜ አይገናኙም። የሶፍትዌሩን ስሪት ማደስ አለ። ማሽኑን መቀየር አለ። የምትከፍሉበትን መስመር ማስፋትም አለ። የሦስቱም ዋጋ ለየቅል ነው፤ የሚፈቱት ችግርም እንደዚያው። ችግሩ የቱ ጋ እንዳለ ሳታውቅ የግዢ ጥያቄ ካቀረብክ ብሩ ይወጣል፣ ኢንተርኔቱ እንደተኛ ይቀራል፣ ተጠያቂው ደግሞ አንተ ትሆናለህ።

ፕሮክሲ ማለት ራውተር አይደለም። ቪፒኤንም አይደለም። በእናንተ ኮምፒውተሮችና በኢንተርኔቱ መካከል ቆሞ ድረ ገጾችን በእናንተ ስም የሚጠይቅ ፕሮግራም ነው። ማን ምን እንደከፈተ ይመዘግባል፣ የተከለከለውን ያግዳል፣ ድሮ ደግሞ አንዴ የወረደን ገጽ አስቀምጦ ለሚቀጥለው ሰው ከራሱ ያቀርብ ነበር፤ ይህ ካሽ ይባላል። «ድሮ» ያልኩበት ምክንያት አለኝ፤ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

አሁን ማሽኑን እናግኘው። እድለኛ ነህ፤ አድራሻውና ፖርቱ (ፕሮግራሙ ጥያቄ የሚቀበልበት ቁጥር) በእጅህ ነው። 3128 ስኩዊድ የሚባለው የፕሮክሲ ሶፍትዌር ሲጫን ይዞት የሚመጣው ፖርት ነው። ስኩዊድ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሊኑክስ ላይ ነው የሚሠራው። 8080 ቢሆን ኖሮ ማይክሮቲክ ራውተር ውስጥ ያለ ፕሮክሲ ይሆናል ብዬ እጠረጥር ነበር። 808 ከሆነ ደግሞ በየኢንተርኔት ካፌው ይጫን የነበረው ሲሲፕሮክሲ ነው። ፖርት መቀየር ስለሚቻል ይህ ፍንጭ እንጂ ማስረጃ አይደለም።

ማስረጃውን የምታገኝበት ቀላል ዘዴ አለ። ከተማሪዎቹ ኮምፒውተር በአንዱ ብራውዘር ክፈትና የሌለ ድረ ገጽ አድራሻ ጻፍ። ሲጀምር ኤችቲቲፒ መሆን አለበት፤ መጨረሻው ላይ ኤስ ያለበት እንዳይሆን። ስኩዊድ «አላገኘሁትም» የሚል የራሱን የስህተት ገጽ ያወጣልሃል። የገጹን ግርጌ ተመልከት። በትንንሽ ፊደል የሰርቨሩ ስምና የስኩዊዱ ስሪት ቁጥር ተጽፎ ታገኛለህ፤ አስተዳዳሪው ካልደበቀው በስተቀር። ለምሳሌ 3.5.12 የሚል ካየህ ማሽኑ ኡቡንቱ 16.04 የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው (ኡቡንቱ የሊኑክስ ዓይነት ነው፤ ቁጥሩ ስሪቱ የወጣበት ዓመትና ወር ነው፣ በእ.ኤ.አ.)። 4.10 ከሆነ ኡቡንቱ 20.04፣ 6.6 ከሆነ 24.04። ከወንበርህ ሳትነሳ የማሽኑን ዕድሜ አወቅህ ማለት ነው።

ቀጥሎ የትኛው ሳጥን እንደሆነ። ሲኤምዲ (የዊንዶውስን የትእዛዝ መጻፊያ መስኮት) ክፈትና ፒንግ ብለህ አድራሻውን ጻፍ። መልስ ከሰጠ በኋላ ኤአርፒ የሚለውን ትእዛዝ ከሰረዝና ከኤ ጋር ጻፍ። ከዝርዝሩ ውስጥ በ192.168.1.10 ትይዩ ያለው የማክ አድራሻ የሰርቨሩ ኔትወርክ ካርድ መለያ ነው። የመጀመሪያዎቹ ስድስት አኃዞች አምራቹን ይነግሩሃል። በ00-50-56 የሚጀምር ከሆነ ራሱን የቻለ ማሽን አትፈልግ። ቪኤምዌር በሚባል ሶፍትዌር ላይ ያለ ምናባዊ ማሽን ነው፤ ከአራቱ ሳጥኖች በአንዱ ሆድ ውስጥ ተኝቷል። ስዊቻችሁ (የኔትወርክ ኬብሎቹ የሚሰበሰቡበት ሳጥን) ሴቲንግ የሚገባበት ዓይነት ከሆነ ገብተህ ያ የማክ አድራሻ በስንተኛው የኬብል መሰኪያ እንደተሰካ እይ፤ ከዚያ ኬብሉን መከተል ነው። ተራ ስዊች ከሆነ ግን የሚቀርህ የኬብል ነቀላ ነው። ከሥራ ሰዓት በኋላ ፒንጉን ከሰረዝና ከቲ ጋር አድርገህ ሳያቋርጥ እንዲሄድ ተወው። የአራቱን ማሽኖች የኔትወርክ ኬብል አንድ በአንድ ነቅለህ መልስ። ፒንጉ የተቋረጠበት እሱ ነው።

እዚህ ላይ ጠንቀቅ በል። የምትነቅለው የኔትወርክ ኬብል ነው፤ የመብራት ገመድ አይደለም። በሥራ ሰዓትም አይሞከርም። ከአራቱ አንዱ የፋይናንስ ክፍሉ ፒችትሪ (የሒሳብ ሶፍትዌር) ያለበት ሊሆን ይችላል፤ ሒሳብ እየተመዘገበ ኬብል መንቀል ዳታ ሊያበላሽ ይችላል። ማሽኑን ስታገኝ ስሙንና አድራሻውን በወረቀት ጽፈህ ለጥፍበት። ሌሎቹም ላይ እንዲሁ። ከአንተ በኋላ ለሚመጣው ልጅ ውለታ ነው።

አግኝተኸዋል እንበል። ሪስታርት ለማድረግ እጅህ እንዳይቸኩል። ለዓመታት ሳይጠፋ የቆየ ማሽን ሲጠፋ መልሶ የማይነሳበት ጊዜ አለ፤ በተለይ ሃርድ ዲስኩ ካረጀ። አዳማ ደግሞ ነፋሱንና አቧራውን ታውቀዋለህ፤ የኃይል ማመንጫ ተርባይኖቹ እዚያ የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም። መስኮቱ በደንብ የማይዘጋ ሰርቨር ሩም ውስጥ ያለ ማሽን ማራገቢያው በአቧራ ይደፈናል። ስለዚህ ማንኛውም ነገር ከመነካቱ በፊት ባካፕ።

ባካፕ ለማድረግ ፓስወርድ ያስፈልጋል፣ የቀድሞው ልጅ ደግሞ አልሰጠህም። መጀመሪያ ደውልለት። ቡና ጋብዘው። ብዙ ሰው ሳያስረክብ የሚወጣው ከአስተዳደሩ ጋር ተኳርፎ እንጂ አንተን ለመጉዳት አይደለም። ካልሆነ ኡቡንቱ ሲነሳ ሪከቨሪ ሞድ (የጥገና መግቢያ) ውስጥ ገብቶ ፓስወርድ መቀየር ይቻላል፤ ዲስኩ በኢንክሪፕሽን ካልተቆለፈ። ይህ ግን ማሽኑን ማጥፋትና ማስነሳት ይጠይቃል። ከዲኑ የጽሑፍ ፈቃድ ያዝ፣ ቅዳሜ ከሰዓት አድርገው፣ ማሽኑ ባይነሳ ምን እንደምታደርግም አስቀድመህ አስብ። ቢያንስ ኮምፒውተሮቹን በቀጥታ በራውተሩ እንዲወጡ ማድረግ መቻልህን በአንድ ኮምፒውተር ሞክረህ እርግጠኛ ሁን።

ከገባህ በኋላ የምትገለብጠው ብዙ አይደለም። ኢቲሲ በሚባለው ፎልደር ሥር ስኩዊድ የሚል ፎልደር አለ። ከ16.04 በፊት በነበሩት ኡቡንቱዎች ላይ ስሙ መጨረሻ ላይ 3 ቁጥር አለው። ሙሉውን ወደ ፍላሽ ገልብጥ። የተከለከሉ ድረ ገጾች ዝርዝርና የተጠቃሚ ፓስወርድ ፋይል ሌላ ቦታ ተቀምጠው እንደሆነ ዋናው የቅንብር ፋይል ውስጥ መንገዳቸው ስለሚጻፍ ከዚያ ተከታተላቸው። የኔትወርክ ቅንብሩን፣ የፋየርዎል ሕጎቹንና በሰዓት የሚነሱ ሥራዎች ካሉ እነሱንም ጨምር። ጊዜ ካለህ ክሎንዚላ በሚባለው ነፃ መሣሪያ የዲስኩን ሙሉ ቅጂ ውሰድ። «ሴቲንጉ ይጠፋ ይሆን?» ላልከው መልሱ ይኸው ነው፦ ከገለበጥከው አይጠፋም።

አሁን ወደ ፍጥነቱ። ከሰዓት በኋላ ኢንተርኔቱ ሲጎተት አንድ ላፕቶፕ በቀጥታ ራውተሩ ላይ ሰክተህ ያለ ፕሮክሲ ፍጥነቱን ለካ። በዚያው ደቂቃ በፕሮክሲ በኩልም ለካ። ሁለቱም ቀርፋፋ ከሆኑ ፕሮክሲህ ንጹሕ ነው። መስመሩ ጠቦ ነው፣ ወይም አንድ ሰው መስመሩን ይዞታል። የዓለምን ምርጥ ሰርቨር ብትገዛ አንድ ኪሎባይት አትጨምርም። በቀጥታ ሲሆን ፈጣን፣ በፕሮክሲ ሲሆን ቀርፋፋ ከሆነ ግን ችግሩ ማሽኑ ጋ ነው።

ማሽኑ ጋ ሲሆን ደጋግሜ ያየኋቸው ምክንያቶች አሉ። አንደኛው የሞላ ዲስክ ነው። ስኩዊድ እያንዳንዱን ጥያቄ በሎግ (የመዝገብ ፋይል) ይጽፋል፤ ሎጉ ካልተጠረገ ዲስኩን ይሞላና ስኩዊድ ራሱ ይቆማል። ሁለተኛው ዲኤንኤስ (የድረ ገጽን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚተረጉመው አገልግሎት) ነው፤ ይህ ብዙ ጀማሪ የሚያልፈው ነው። ምልክቱን ልብ በል። ገጹ ለመጀመር ብዙ ሰከንድ ይቆያል፣ ከጀመረ በኋላ ግን ቶሎ ይከፈታል። ይህን ካየህ ሰርቨሩ ላይ በመጀመሪያ የተጻፈው የዲኤንኤስ አድራሻ የሞተ መሆኑን ጠርጥር። ስኩዊድ መጀመሪያ እሱን ይጠይቃል፣ መልስ ሲያጣ ነው ወደ ሁለተኛው የሚሄደው። አድራሻውን ማስተካከል የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ግን ካስተካከልክ በኋላ ስኩዊድን ቅንብሩን እንደገና እንዲያነብ ካላዘዝከው የድሮውን እንደያዘ ይቀጥላል።

ሦስተኛው ከአንተ ሁኔታ ጋር በጣም የሚሄደው ነው። ስኩዊድ በአንድ ጊዜ ሊከፍታቸው የሚችላቸው ግንኙነቶች ገደብ አላቸው። በአሮጌ አጫጫን ገደቡ ብዙ ጊዜ 1024 ነው። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሁለት ግንኙነት፣ አንዱን ወደ ተጠቃሚው፣ ሌላውን ወደ ድረ ገጹ ይጠቀማል። የዛሬ አንድ የዜና ገጽ ብቻ ደርዘን ቦታ ይደውላል። ጠዋት ግማሽ ላብራቶሪ ሲሠራ ይበቃል፤ ከሰዓት ሁሉም ሲሞላ ያልቃል። ሲያልቅ አዲስ ጠያቂ ተሰልፎ ይጠብቃል፣ ሰዉም «ኔትወርክ የለም» ይላል። ካሽ ሎግ የሚባለውን ፋይል ከፍተህ ፋይል ዲስክሪፕተር (ለእያንዳንዱ ክፍት ግንኙነት የሚያዘው ቦታ) አለቀ የሚል ማስጠንቀቂያ ካየህ ሕመሙ ተገኘ። አንድ መስመር ቅንብር ነው የሚፈታው። ስንት ቢሮ ለዚህ ብሎ አዲስ ሰርቨር ገዝቷል መሰለህ።

የኔትወርክ ካርዱን ፍጥነትም እይ። የተበላሸ ኬብል ካርዱን ወደ 10 ሜጋቢት ሊያወርደው ይችላል፤ የካርዱ ትንሿ መብራት ግን እንደበራች ልትቆይ ትችላለች።

«ድሮ» ወዳልኩት ልመለስ። ፕሮክሲ ኢንተርኔት ያፈጥናል የሚለው እምነት ድረ ገጾች በተራ ኤችቲቲፒ በሚሄዱበት ዘመን እውነት ነበር። ዛሬ አብዛኛው ገጽ በኤችቲቲፒኤስ ነው። ለፕሮክሲው ይህ የታሸገ ፖስታ ነው፤ ወደ የት እንደሚሄድ ያያል፣ ውስጡን አያይም። ያላየውን ደግሞ አስቀምጦ ለሌላ ሰው ሊሰጥ አይችልም። ዩቲዩብን፣ ፌስቡክን፣ ጉግል ክላስሩምን ካሽ አያደርግልህም። ስለዚህ ትልቅ ዲስክ ገዝቶ ሰፊ ካሽ መሥራት የባከነ ገንዘብ ነው። ጉዳትም አለው፦ ስኩዊድ በ64 ቢት ማሽን ላይ ለእያንዳንዱ ጊጋባይት የዲስክ ካሽ 14 ሜጋባይት ገደማ ራም ለማውጫ ብቻ ይይዛል።

ፖስታውን መክፈት ይቻላል የሚሉህ ይኖራሉ። ይቻላል፤ በየኮምፒውተሩ የራስህን ሰርተፊኬት ጭነህ ግንኙነቱን መሃል ላይ መፍታት ነው። አልመክርህም። የሠራተኛውን የባንክ ፓስወርድ ሳይቀር በአንተ ማሽን ላይ ገላልጠህ ታሳልፋለህ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ነገሩ የሥነ ምግባር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ተራው ሎግ ራሱ ማን የት እንደገባ ስለሚያሳይ የሰው መረጃ ነው። ለማን እንደሚታይና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቀመጥ አስተዳደሩ በጽሑፍ ይወስን፤ አንተ ብቻህን አትሸከመው።

ታዲያ ፍጥነቱ ከተስተካከለ ስሪቱን ማደስ ለምን ያስፈልጋል? ለደህንነት። እ.ኤ.አ. በ2023 አንድ የደህንነት ተመራማሪ ስኩዊድ ውስጥ ያገኛቸውን 55 ክፍተቶች ይፋ አድርጓል። የኡቡንቱ 16.04 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2021 ነው ያበቃው። አሮጌው ማሽን ላይ ተቀምጦ እነዚያን ክፍተቶች የሚደፍን ማሻሻያ በተለመደው መንገድ አይመጣለትም። የስህተት ገጹ ግርጌ በ3 የሚጀምር ቁጥር ካሳየህ መታደሱ ግዴታ ነው።

አሮጌውን ማሽን እዚያው ላይ ማሳደግ የሚለውን አማራጭ ግን እርሳው። ኡቡንቱ ከአንዱ የረጅም ጊዜ ድጋፍ ስሪት ወደሚቀጥለው ብቻ ነው የሚያሻግርህ። ከ16.04 ተነስቶ 24.04 ለመድረስ በ18.04፣ በ20.04 እና በ22.04 በኩል አራት ጊዜ መዝለል ነው። በእያንዳንዱ ዝላይ ብዙ ፋይል ይወርዳል። መሃል ላይ መብራት ከጠፋ ማሽኑ የአሮጌና የአዲስ ቅልቅል ሆኖ ይቀራል። በዚያ ላይ አንዳንድ የስኩዊድ ትእዛዞች በመንገድ ላይ ስማቸው ተቀይሯል፤ አንዳንዶቹም ተወግደዋል። የቱ ዝላይ ላይ እንደተበላሸ ለማወቅ ጀማሪ ቀርቶ ልምድ ያለውም ይደክማል።

የምመክርህ አንድ መንገድ ነው፤ አዲሱን ከአሮጌው ጎን ሥራ። ውድ ሰርቨር አያስፈልግም። ለ60 ኮምፒውተር 8 ጊጋባይት ራም፣ 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲና የጊጋቢት ኔትወርክ ካርድ ያለው ደህና ዴስክቶፕ ይበቃል። ስኩዊድ ዋና ሥራውን የሚሠራው በአንድ የፕሮሰሰር ኮር ላይ ነው፤ ስለዚህ የኮር ብዛት ሳይሆን የኮሩ ፍጥነት ነው የሚጠቅመው። የተረፈውን ብር ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ማሽኑን የሚያቆይ ባትሪ) ግዛበት። ኡቡንቱ ሰርቨር 24.04 ጫን፤ መደበኛ ድጋፉ እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ይዘልቃል። ስኩዊድንም ከኡቡንቱ የራሱ ማከማቻ ጫን። ከሌላ ቦታ አታምጣ።

ለጊዜው 192.168.1.11 ስጠው፤ አድራሻው በሌላ መሣሪያ አለመያዙን ካረጋገጥክ በኋላ። ከአንድ ኮምፒውተር ስትሞክረው «አክሰስ ዲናይድ» ይልሃል። አትደንግጥ። ኡቡንቱ ላይ ስኩዊድ ሲጫን ከራሱ ማሽን ውጪ ለማንም አይፈቅድም። የእናንተን ኔትወርክ የሚፈቅድ ሕግ ጻፍ፤ ሁሉንም ከሚከለክለው የመጨረሻ ሕግ በላይ ይሁን። ስኩዊድ ከላይ ወደ ታች ያነባል፣ መጀመሪያ የገጠመውን ይዞ ይቆማል። ከታች ብትጽፈው እንዳልጻፍከው ነው። «ለሁሉም ፍቀድ» የሚል ሕግ ግን በምንም ምክንያት እንዳትጽፍ። ያ ማሽን ከውጭ የሚታይ አድራሻ ካገኘ የማታውቀው ሰው በኮሌጁ ስም ወንጀል ይሠራበታል፤ የሚጠየቀው ደግሞ ኮሌጁ ነው።

የድሮውን የቅንብር ፋይል እንዳለ አትገልብጠው። ሕጎቹን አንድ በአንድ እያነበብክ፣ የገባህን ብቻ አሻግር። ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ ስኩዊድን በሰረዝ ኬና በፓርስ አስፈትሸው፤ ስህተቱን ከነመስመሩ ቁጥር ይነግርሃል። የዲስክ ካሽ አታብራ፤ የራሙ ካሽ ይበቃል። ሌላ ነገር፦ ስኩዊድ እንዲዘጋ ስታዘው ክፍት ግንኙነቶችን እስከ 30 ሰከንድ ይጠብቃል። ተሰቀለ ብለህ የመብራት ገመድ እንዳትነቅል።

አምስት ስድስት ኮምፒውተሮችን ወደ አዲሱ አዙረህ አንድ ሳምንት አሠራቸው። ቅሬታ ካልመጣ እሁድ ቀን አሮጌውን አጥፋና 192.168.1.10ን ለአዲሱ አውርሰው። 60 ኮምፒውተር እየዞርክ አድራሻ መቀየር አይጠበቅብህም። ለሙከራ ያዞርካቸውን ብቻ ወደ ነበሩበት መልስ። ከቅያሪው በኋላ ለጥቂት ደቂቃ አንዳንድ ኮምፒውተር አልከፍት ሊል ይችላል፤ የድሮውን የማክ አድራሻ ገና ስላልረሳ ነው። አሮጌውን ማሽን አትሽጠው፣ አታፍርሰው። ጠፍቶ አንድ ወር ይቀመጥ።

ልኬትህ መስመሩ ጠቧል ካለ ደግሞ ለዲኑ ያንን ቁጥር ይዘህ ሂድ። መስመር ከማስፋት በፊት የምትሞክረው አለ። ዊንዶውስ 10 እና 11 አፕዴታቸውን በውስጥ ኔትወርክ እርስ በርስ እንዲቀባበሉ ማድረግ ይቻላል፤ ሴቲንጉ ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን ይባላል። 60 ኮምፒውተር ያንኑ አፕዴት 60 ጊዜ ከውጭ ማውረዱን ይቀንስልሃል። ራውተሩ ላይም ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የፍጥነት ጣሪያ ማስቀመጥ ይቻላል።

ፕሮክሲውን የያዛችሁት ተማሪ መጥፎ ገጽ እንዳይከፍት ብቻ ከሆነ ጭራሹን ማስወገድም አማራጭ ነው። ራውተሩን ይዘት ወደሚያጣራ ዲኤንኤስ፣ ለምሳሌ ወደ 1.1.1.3፣ ማዞር ብዙውን የአዋቂ ይዘት ያግዳል። ቪፒኤን የጫነ ተማሪ ግን ያልፈዋል። ስልኮችም ላይ ብዙ አፕ የዋይፋዩን የፕሮክሲ ቅንብር ችላ ይላል፤ ስለዚህ ፕሮክሲውም ቢሆን ስልክን በደንብ አይቆጣጠርም። የላብራቶሪ ሎግ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ግን ፕሮክሲው ይቆይ እላለሁ።

ያወረድከው ነፃ ሶፍትዌር ላይ ቃል አላበዛም። ከማን እንደመጣ ሳታውቅ የ60 ኮምፒውተር ትራፊክ በእሱ ውስጥ ልታሳልፍ ነው። አትጫነው፣ ፋይሉን አጥፋው። አንዴ ከፍተኸው ከሆነ ኮምፒውተርህን በአንቲቫይረስ አስፈትሽ፤ ከዚያ ከሌላ ንጹሕ ኮምፒውተር ሆነህ የኢሜይልህንና የራውተሩን ፓስወርድ ዛሬውኑ ቀይር።